ከጥቁሩ ስክሪን የጠፋው ቀይ

«ዛሬም ጀመራት» አለች ልጅቷ፣ በማእድ ቤቱ መስኮት ወደ ጓሮ እያየች። ጓሮው ውስጥ እናቷ የልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ቆማ፣ ግራ ዓይኗን በመዳፏ ከድና፣ የተሰጣውን ልብስ አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች በቀለሙ ትጠራዋለች። «ቀይ። አረንጓዴ። ሰማያዊ። ይሄ… ቡኒ። አዎ፣ ቡኒ ነው።» ገመዱ ጫፍ ስትደርስ እጇን ወደ ቀኝ ዓይኗ ታዛውርና፣ ሲያጠና አድሮ ፈተናው ላይ እንደጠፋበት ተማሪ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ጠረጴዛው ጫፍ የተቀመጠው የልጅቷ ባል የሻዩን ብርጭቆ ከንፈሩ ድረስ አምጥቶ ሳይጠጣ መለሰው። ምንም አላለም። እሱ ምንም አለማለት ይችልበታል፤ ዛሬ ግን ዝምታው ራሱ የደነገጠ ይመስል ነበር።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ልብሱ ደርቆ እንደሆን እያየሁ።»

«በአንድ ዓይን?»

«ለልብስ አንድ ዓይን ይበቃዋል። አንቺ ሻይሽን ጠጪ፣ ይቀዘቅዝብሻል።»

እናትየዋን በሥራ ቦታዋ ሁሉም ሰው «እትዬ ቶሎ» ነው የሚላት። ስሙ የወጣላት ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከመድኃኒት መጋዘኑ መስኮት ነው፤ ነርሶቹ የመድኃኒቱን ስም ጠርተው ሳይጨርሱ እሷ «አለ»፣ «የለም»፣ ወይም «አለ፣ ግን አይነካም» ብላ ትመልሳለች። የፍጥነቷ ምስጢር ቀለም ነበር። የመጋዘኑ ፕሮግራም ድሮ የተሠራ ነው፤ ሥዕል የለው፣ ጌጥ የለው፣ ማውስ የሚባል ነገር አያውቅ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ የተደረደረ የፊደልና የቁጥር ረድፍ ብቻ። ረድፎቹ ግን ቀለም ነበራቸው። ደህናው መድኃኒት አረንጓዴ፣ ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበው ቢጫ፣ ጊዜው ያለፈበት ደግሞ ቀይ። እትዬ ቶሎ ቀን አታነብም ነበር፤ ቀለሙን አይታ ትሮጣለች። ታዲያ ባለፈው ወር እነዚያ ሆዳቸው የተነፋ አሮጌ ስክሪኖች ወጥተው፣ እንደ ሳህን የሳሱ አዳዲሶች ከገቡ ጥቂት ቀናት በኋላ፣ አንድ ጠዋት ፕሮግራሙን ስትከፍት ረድፉ ሁሉ ነጭ ሆኖ ጠበቃት። ቀይ የለ፣ ቢጫ የለ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የተጻፈ ይመስል ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን «ስክሪኑ ተበላሸ» ብሎ አገሩን ያነቃነቅ ነበር። እትዬ ቶሎ ግን እናቷ ትዝ አለቻት። የእናቷ ዓይን በአንድ ጊዜ አልጠፋም፤ መጀመሪያ የተወሰደባት ቀለም ነው። እሳት የመሰለ ቲማቲም ይዛ «ይሄ ነገር በስሏል ወይስ ጥሬ ነው?» ትል ነበር። ከቀለሙ ቀጥሎ የሰው ፊት ጠፋት፣ ከፊት ቀጥሎ የቤቱ በር። ያኔ የእናቷ ዕድሜ ልክ አሁን የእትዬ ቶሎ ዕድሜ ነበር። ነርሶቹን «እስቲ ወደዚህ ዞር በይና እዪልኝ» እንዳትል፣ ከነርሶቹ አንዷ የሰማችውን ሆስፒታሉ በሙሉ በምሳ ሰዓት ይሰማዋል። የቀራት አንድ ሰው ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ያንኑ ወንበር የሚረከባት አማቿ፣ የልጇ ባል። አንድ ወንበር በፈረቃ ያሞቃሉ፣ አንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ፣ ግን የሁለቱ ወሬ በሙሉ ተሰብስቦ «ምሳ በልተዋል?» እና «በልቻለሁ፣ አንተስ?» ነው። አንድ ቀን ወንበሩን ስታስረክበው እንደ ዋዛ አድርጋ «ለመሆኑ ቀዩ በደንብ ይታይሃል?» አለችው። ቀና ብሎ ሳያያት «በደንብ ነዋ። ለምን አይታየኝም?» ብሎ ኪቦርዱን በእጅጌው ይጠርግ ጀመር። በቃ። ለእሱ እየታየ ለእሷ ካልታየ፣ የተበላሸው ስክሪኑ አይደለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ረድፍ በጣቷ እየተከተለች ቀኑን ታነባለች። ስህተት አልሠራችም፤ ቶሎነቷ ግን ሄደ። ሰልፉ ከመስኮቱ ተነስቶ ኮሪደሩን ሞልቶ ደረጃውን መውጣት ጀመረ፣ ነርሶቹም «እትዬ ቀስ» ይሏት ጀመር፤ እየሳቁ ነው፣ ሳቁ ግን ያማል። ትናንት ኃላፊው ጠራትና፣ ክፉ ነገር በደግ ድምፅ የመናገር ልማዱ ስላለው፣ በጣም በለዘበ ድምፅ «ከሰኞ ጀምሮ ካርቶን ክፍል ትሆኛለሽ። እዚያ ማንም አያጣድፍሽም» አላት። ካርቶን ክፍል መስኮት የለውም። ሰው እዚያ የሚገባው ጡረታው ደርሶ እስኪወጣ ነው። «ጥርሴን አሞኛል፣ ነገ ጠዋት ፈቃድ ስጡኝ» አለችው። ዓይን የሚለውን ቃል እፊቱ ማውጣት አልደፈረችም።

እና ዛሬ፣ ልብሱን በሁለቱም ዓይኗ ከፈተነች በኋላ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ዓይን ሐኪሙ ሄደች። ክሊኒኩ ከጫማ መደብር በላይ ነው፤ ደረጃው በሙሉ አዲስ ቆዳ ቆዳ ይሸታል። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ወንበሮቹ ግድግዳውን ተጠግተው ተደርድረዋል፣ መሐል ላይ የመነጽር ፍሬሞች የተደረደሩበት የመስታወት ሣጥን አለ፣ እያንዳንዱ ፍሬም አንገቱ ላይ ዋጋው ተንጠልጥሎለታል። አንድ ወፍራም ሰውዬ ከሁሉ ውዱን እያደረገ ለሚስቱ ያሳያታል። ሚስቱ «ፊትህን አይቀይረውም፣ ርካሹን ያዝ» ትለዋለች። ከእትዬ ቶሎ ጎን የተቀመጠች ሴት ደግሞ ስለ ቤት ኪራይ ጀምራ፣ በሽንኩርት በኩል አልፋ፣ ስለ ምራቷ ስንፍና ደረሰች። እትዬ ቶሎ «እህ» እና «ወይ ጉድ» እያለች ስታጅባት ቆየች። ልቧ ግን እዚያ አልነበረም። ካርቶን ክፍሉን አልፎ፣ ልጇ እጇን ይዛ መጸዳጃ ቤት ስትወስዳት፣ አማቿ ደግሞ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ መንገድ ሲለቅላት ይታያት ነበር። ያ ልጅ ጭራሽ ምንም ሳይል ሊያኖራት ነው። ዓይነ ስውር ሆና፣ ከማይናገር ሰው ጋር። ማን ቤት ውስጥ እንዳለ በምን ታውቃለች?

ሐኪሙ የልጇ እኩያ የሚሆን፣ እንቅልፍ ያላየ የሚመስል ወጣት ነበር። በትንሽ መብራት ዓይኗን ግራና ቀኝ ካየ፣ ሰሌዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች ካስነበባት በኋላ፣ አንድ ደብተር የሚያክል መጽሐፍ ከፈተ። ገጹ በሙሉ ቀለም ቀለም ነጠብጣብ ነው፤ በነጠብጣቦቹ መሐል ቁጥር ተደብቋል። «ምን ይታይዎታል፣ እናቴ?» እትዬ ቶሎ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ተናገረች። ገልበጥ አደረገ፣ ተናገረች። ገልበጥ ሲያደርግ አሁንም ተናገረች፣ በመጨረሻ ገጹ ሳይረጋ ቁጥሩን ትጠራለት ጀመር፤ ቶሎነቷ ከየት እንደመጣ አታውቅም፣ እንደ ድሮ ወዳጅ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«የእናትዎ ሕመም ምልክት የለብዎትም» አለ ሐኪሙ። «ለንባብ ቀለል ያለ መነጽር ቢያደርጉ አይከፋም። በቀለም ግን ከእኔ ይበልጣሉ።»

«ታዲያ ሥራ ቦታ ስክሪኑ ላይ ቀይ ለምን አይታየኝም?»

«ስክሪኑን ያምጡልኝና እመረምረዋለሁ» ብሎ ሳቀ። መጽሐፉን እያጠፈም፣ ይህ መጽሐፍ የሚያስጨንቀው በአብዛኛው ወንዶችን እንደሆነ አጫወታት፤ ቀይና አረንጓዴ ሳይለይላቸው የሚወለዱ ብዙ ናቸው፣ ግማሾቹ ሥራ እንከለከላለን ብለው ዕድሜ ልካቸውን ይደብቁታል። እትዬ ቶሎ ይህን በግማሽ ጆሮዋ ነበር የሰማችው። በሌላው ግማሽ «የለብዎትም» የሚለውን ቃል ደጋግማ እያዳመጠች ነበር። ደረጃውን ስትወርድ ጫማ መደብሩ መስኮት ላይ ያለውን ሁሉ በቀለሙ ጠራችው፣ ድምፅ አውጥታ። ሻጩ ልትገዛ መስሎት ተነሳ።

መጋዘኑ ስትደርስ ሰልፉ ደረጃው ላይ ነበር። ወንበሯ ላይ የተቀመጠው ራሱ ኃላፊው ነው፤ እሷን የሚተካ ሰው ስላጣ በሁለት ጣቱ ኪቦርዱን እየቆረቆረ ያልበዋል። ፕሮግራሙን ሌሎች ሲሠሩበት ከሩቅ እንጂ ቀርቦ አይቶት አያውቅም። «ጥርስሽ ተነቀለ?» አላት፣ ቀና ሳይል። እትዬ ቶሎ ከኋላው ቆማ በትከሻው ላይ አጎንብሳ ስክሪኑን አየችው፣ ያው ነጭ ነው። ከዚያ ስትፈራው የሰነበተችውን ጥያቄ፣ ከአማቿ በቀር ማንንም ለመጠየቅ ያልደፈረችውን፣ ኃላፊውን ጠየቀችው።

«እስቲ እዚህ ላይ ቀይ ነገር ይታይዎታል?»

«የምን ቀይ? ሁሉም ነጭ ነው። ቀይ ሊኖረው ነበር እንዴ?»

ኃላፊው ጸጉሩ የሳሳ፣ ትከሻው ጠባብ፣ ሽቶው የሚከረፋ ሰው ነው። በዚያች ደቂቃ ግን ግንባሩን ልትስመው ምንም አልቀራት። እንዳይታይባት ወደ መደርደሪያው ዞራ ቆመች። ዓይኗ ደህና ነው። ሐኪሙ ብቻ አይደለም፣ ኃላፊውም ያየው ነጩን ነው። ነገር ግን ደስታው ገና ተደላድሎ ሳይቀመጥ ሌላ ሐሳብ አባረረው። ስክሪኑ ላይ ቀይ ከሌለ፣ አማቿ «በደንብ ይታየኛል» ያለው የትኛውን ቀይ ነው? ዋሽቷታል። ለምን ይዋሻታል? እዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። የጠዋቱ ፈረቃ ከከሰዓቱ ይሻላል፣ ሁሉም ይፈልገዋል። እሷ ካርቶን ክፍል ብትገባ ማን ይወስደዋል? በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ከእጇ በልቶ፣ ልጇን አግብቶ። እትዬ ቶሎ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ በኃይል አስቀመጠችው፣ ኃላፊውም ጥርሷ ያመማት መስሎት ወንበሩን ለቀቀላት።

ኮምፒውተር የምትጠግነው ልጅ ስትመጣ ማስቲካዋን እያኘከች፣ አንዱን ጆሮዋን በማዳመጫ ደፍና ነበር። ሥራ የጀመረችው ገና ባለፈው ሳምንት ነው፤ አዲሶቹን ስክሪኖች የተከለው ከእሷ በፊት የነበረው ልጅ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄዷል። መጀመሪያ አጥፍታ አበራችው። ምንም። ገመዱን ነቅላ ሰካችው። ምንም። ከዚያ ፕሮግራሙን ዝቅ አድርጋ አንድ የበቀቀን ፎቶ ከፈተች፤ በቀቀኑ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ ክንፉ ላይ ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ ስክሪኑን ሞላው። «ስክሪኑ ጤነኛ ነው። በሽታው ጥቁሩ ውስጥ ነው» አለች። ወደ ጥቁሩ መስኮት ተመልሳ አንዲት አጭር መስመር ጻፈች፣ መልሱ ወዲያው ከሥሯ ወጣ። «ስንት ቀለም ታውቃለህ አልኩት። ምንም አላውቅም አለኝ።»

«በቀቀኑን እያሳየ?» አለች እትዬ ቶሎ።

«እሱ ሌላ ነው፣ እትዬ። እንዲህ ያሉ የፊደል ፕሮግራሞች ስክሪኑን በዓይናቸው አያዩትም። ሲነሱ 'አንተ ማን ነህ?' ብለው ይጠይቃሉ፣ ስክሪኑ የተጻፈለትን ስም ይናገራል። በስሙ ነው የሚያምኑት። እዚህ የተጻፈለት ስም የጥንት ስክሪን ስም ነው፣ ከነጭ ሌላ ቀለም በማይታወቅበት ዘመን የነበረ። ፕሮግራሙም ይሄ ምስኪን ቀለም አያውቅም ብሎ በነጭ ብቻ ያናግረዋል።»

ስሙን ቀየረችው። አሁንም ነጭ ነው። እትዬ ቶሎ «እንግዲህ» ማለት ስትጀምር ልጅቷ ግንባሯን መታ አደረገች፤ ስሙ የሚነበበው ሲገባ ብቻ ነው፣ ወጥቶ መግባት ያስፈልጋል። ወጥታ ገባች። ቀለሙ መጣ፤ ግን ሰንጠረዡ አበደ። ረድፎቹን የሚለያዩት መስመሮች ሁሉ ተበጣጥሰው የፈረንጅ ፊደል ሆኑ፣ ከዳር እስከ ዳር ተመሳሳይ ፊደል ተደርድሮ፣ መንተባተብ የያዘው ሰው ይመስል። «ቀለሙን ሲሰጥ መስመሩን ይነሳል» ብላ ማስቲካዋን በሌላው ጉንጯ አደረገችና ሌላ ስም ሞከረች። በዚህኛው መስመሩ ተስተካክሎ ቢጫው ቡኒ ሆነ። በቀጣዩ ስም ግን፣ ወጥታ ስትገባ፣ ሁሉም በየቦታው ገባ። አረንጓዴው አረንጓዴ፣ ቢጫው ቢጫ፣ መሐል መሐሉ ላይ ደግሞ ቀይ። ጠቆር ያለ፣ የበሰለ ቀይ። ከቀዮቹ አንዱ ጊዜው ያለፈበት የሳል ሽሮፕ ነበር፤ እትዬ ቶሎ በዕድሜዋ እንደዚያ የሚያምር የሳል ሽሮፕ አይታ አታውቅም።

ከዚያ በኋላ ሰልፉ ምን እንደነካው ማንም አላወቀም። «አለ። የለም። አለ፣ ግን አይነካም። ቀጣይ።» ደረጃው ተራቆተ፣ ኮሪደሩ ባዶ ሆነ፤ አንዲት ነርስ «እትዬ፣ ጥርስ መነቀል እንዲህ ከፈጠነ እኔም ልነቀል» አለቻት። ሰው ጋብ ሲል ግን ጠጋኟ ልጅ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለችና «እትዬ፣ ይሄ ብልሽት እንዳይመስልዎት» አለቻት። «ስሙ በራሱ አይቀየርም። ከእኔ በፊት የነበረውን ልጅ ደግሞ አውቀዋለሁ፣ ሳይለምኑት ወንበር እንኳ አያነሳም። እዚህ የሚቀመጥ ሰው አስደርጎት ነው።» እትዬ ቶሎ «እሺ» አለች። በደረቷ ውስጥ ደስታና ንዴት አንድ ወንበር ላይ ሊቀመጡ ይገፋፉ ነበር።

አማቿ ሰዓቱን ጠብቆ መጣ። «ምሳ በልተዋል?» አለ። «አልበላሁም» አለች። እንዲህ ያለ መልስ ሰምቶ ስለማያውቅ ቆም ብሎ አያት፣ ከዚያ ተቀመጠ። እሷ እንደ ወትሮው ቦርሳዋን አንስታ አልወጣችም፤ መደርደሪያውን ተደግፋ እጇን አጣምራ ቆመች። ልትጠይቀው ነበር፣ ቃላቱንም አሰናድታ ጨርሳለች፣ አንዳንዶቹ ከባድ ነበሩ። አንዲት ነርስ ቀድማት መጥታ የሕፃናት የሳል ሽሮፕ ጠየቀች። አማቿ ወደ ስክሪኑ ዞረ። ትከሻው ሲሸማቀቅ እትዬ ቶሎ ከኋላ አየችው። ፊቱን ወደ መስታወቱ አስጠጋ፣ በጣም አስጠጋ፣ አፍንጫው ሊነካው ምንም አልቀረው። ጣቱን ረድፎቹ ላይ እያንሸራተተ ወረደ፤ አረንጓዴውን ነካ፣ ቀጣዩን አረንጓዴ ነካ፣ ቀዩ ላይ ሲደርስ ግን ጣቱ ጉድጓድ እንደሚዘል ሰው ዘሎት አለፈ።

«አሁን ከጣትህ በላይ ያለው ምን ይላል?» አለችው ቀስ ብላ።

«የቱ?»

«እሱ። በሁለቱ መሐል ያለው።»

«እሱማ ባዶ ነው» አለ።

ባዶ አልነበረም። እትዬ ቶሎ ግማሽ ጆሮዋ ብቻ የሰማው የሐኪሙ ወሬ አሁን ሙሉውን መጣላት። ያሰናዳቻቸው ከባድ ቃላት አንድ በአንድ ከእጇ ወደቁ። ነርሷን «አረንጓዴው አለልሽ፣ ሦስተኛው መደርደሪያ» ብላ በራሷ እጅ አውጥታ ሰጠቻትና፣ ስትሄድ ጠብቃ፣ የካርቶን ሣጥን ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጎን ለጎን ተቀምጠው አያውቁም ነበር፤ ወንበሩ አንድ ነዋ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ጣቱን ከስክሪኑ ላይ አነሳ። ከዚያ፣ ለስክሪኑ እንጂ ለእሷ እንደማይናገር ሰው፣ «ከተወለድኩ» አለ። አሮጌው ስክሪን ደማቅ ስለነበር እንደምንም ያየው ነበር፣ ባያየውም ቀኑን ያነባል። አዲሱ ላይ ግን ቀዩ ከጥቁሩ ጋር ተዋሐደበት፣ ረድፉ ጭራሽ ከዓይኑ ተሰወረ። ያላየውን ቀን እንዴት ያንብብ? ያለፈበት መድኃኒት ለሕፃን ሰጥቶ እንዳያድር ፈራና፣ ስክሪኑን የሚተክለውን ልጅ በአንድ ሻይ ለምኖ ሁሉንም ነጭ አስደረገው። «እርስዎን ይቸግራል ብዬ አላሰብኩም። ሁሉን በቃልዎ የሚያውቁ ነበር የሚመስለኝ። ቶሎነትዎ…»

«ታዲያ ይታይሃል ወይ ስልህ ለምን በደንብ አልከኝ?»

«የነቁብኝ መስሎኝ ነዋ። ከዚያ ደግሞ በየጠዋቱ መስኮቴ ሥር ቆመው ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቡኒ ይላሉ። ይቺ ሴትዮ ሳታወጣጣኝ አትተወኝም አልኩ። ሻይ መጠጣት አቅቶኛል እኮ።»

እትዬ ቶሎ መጀመሪያ አፏን በሻርፗ አፈነች። አልያዘላትም። ሳቋ ከሆዷ ተነስቶ፣ ካርቶኑን እያርገፈገፈ፣ እንባዋን ይዞት ወጣ። እሷ በእሱ መልስ ዓይነ ስውር ሆና ስታድር፣ እሱ በእሷ ጥያቄ ከሥራ ተባሮ ሲያድር፣ በሁለቱ ክፍሎች መሐል ደግሞ ምንም የማታውቀው ልጇ ሁለቱንም «እንደምን አደራችሁ» ስትል። እናቷን፣ ቲማቲሟን፣ ካርቶን ክፍሉን፣ የዛሬውን ሐኪም ሁሉንም ነገረችው። አማቿ እየሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። «ዓይንዎ ደህና ነው ማለት ነው?» አለ። «ደህና ነው።» «እርግጠኛ ነዎት?» «ሐኪሙ ራሱ ቀንቶብኛል።» እሱም ከሆዱ ተነፈሰ፤ ለእሷ እንዲህ ሲተነፍስላት የመጀመሪያው ነበር።

ኃላፊው በዚህ መሐል በበሩ ገብቶ ነበር። ሰልፉ መጥፋቱን ሊያይ መጥቶ ሁለቱን አንድ ስክሪን ፊት ተደርድረው አገኛቸው። «ነጩ ነገር የማን ሥራ ሆኖ ተገኘ?» አለ በዚያ በሚያስፈራ ለስላሳ ድምፁ። ገመድ ትጠቀልል የነበረችው ጠጋኟ ጣሪያውን አየች። እትዬ ቶሎ «ስክሪኑ አዲስ ስለሆነ…» ብላ ጀመረች፣ የአማቿን እግርም በእግሯ ጫን አደረገችው፣ ዝም በል ለማለት። ያ ዝም ማለት የሚችልበት ሰው ግን ብድግ አለ።

«የእኔ ነው። ቀይና አረንጓዴ አይለይልኝም። ስቀጠር አልተናገርኩም።»

ኃላፊው እትዬ ቶሎን አየ፣ ስክሪኑን አየ፣ ቀጥሎ የገዛ ሁለት ጣቶቹን አየ፣ ጠዋት ኪቦርዱን ሲቆረቁሩ የነበሩትን። ዛሬ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ የቀመሰውን ሳያስታውስ አልቀረም። «ያለፈበት መድኃኒት ከእጅህ ወጥቶ ያውቃል?» «አያውቅም። ቀኑን ነው የማነበው።» «እሷስ?» «እሷማ…» አለ አማቿ፣ መጨረስም አላስፈለገውም። ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ የሚመለከተኝ ምን እንደሚወጣ ነው፣ ማን ምን እንደሚያይ አይደለም። አንቺ ልጅ፣ ለሁለቱም የሚሆን ነገር ይደረግ። እትዬ ቶሎ፣ የሰኞውን ነገር እርሺው። ደግሞ ከሣጥኑ ላይ ተነሺ፣ ይሰበራል።» ወጣ። ደረጃው ላይ ሲደርስ ለብቻው «ጥርስ» ሲል ሰሙት።

ጠጋኟ ልጅ እንደገና ተቀመጠች። ፕሮግራሙ ሲነሳ መጀመሪያ የሚገባበትን ሰው ምርጫ እንዲጠይቅ አደረገችው፤ አንድ ሲጫኑ ቀለም፣ ሁለት ሲጫኑ ነጭ። ሞከሩት። እትዬ ቶሎ አንድን ተጫነች፣ ገበያው ደመቀ። ወጥታ ተነሳች፣ አማቿ ሁለትን ተጫነ፣ የጠፉት ረድፎች ሁሉ ነጭ ሆነው ወደ ዓይኑ ተመለሱ። ያን ሽሮፕ በጣቱ ነካው። «አለ ለካ» አለ። ትከሻው ወረደ፤ አንገቱ እንዲህ ረጅም መሆኑን እትዬ ቶሎ አስተውላ አታውቅም ነበር።

ቦርሳዋን አነሳች። ርቧታል፣ ጠዋት አልበላችም፣ ትናንት ማታም በልታ እንደሆነ አታስታውስም። በሩ ላይ ስትደርስ ጠራት። ራሱ ነው የጠራት፣ ሳይጠየቅ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጠጋኟ እንዳትሰማው።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቀኝ።»

ኮቱን ከፈት አድርጎ ሸሚዙን አሳያት። «ይሄ ግራጫ ነው አይደል? ልጅዎ ናት የገዛችልኝ። ሰው ሁሉ ግን እያየኝ ፈገግ ይላል።»

እትዬ ቶሎ ሸሚዙን አየችው። ጊዜ ወስዳ፣ በሁለቱም ዓይኗ አየችው።

«ሮዝ ነው» አለች። «ጮማ ሮዝ። ደግሞ ያምርብሃል፣ እንዳታወልቀው።»